አዲስ ዕቃ ሳንገዛ ቆጣሪው ለምን ሮጠ?

እህቴ፣ ጥያቄሽን ሁለቴ አነበብኩት። «አዲስ ዕቃ አልገዛንም፣ የቤቱም ሰው ያው ነው፤ ግን የመብራት ሂሳባችን በሦስት ወር ውስጥ እጥፍ ሊሆን ምንም አልቀረው። ቆጣሪው ተበላሽቶ ይሆን?» ነው ያልሽው። እኔም ከሁለት ዓመት በፊት ልክ እንዳንቺ ግራ ገብቶኝ ነበር። ቆጣሪውን ጠረጠርኩ። ፍሪጁን ጠረጠርኩ። ልጆቹን አምፖል አታጥፉም ብዬ ስቆጣ ከረምኩ። ሌባው የተገኘው ግን ማናችንም ያላሰብነው ቦታ ነው። ትንሽ ረዘም ይላል፣ ታገሺኝ።

መጀመሪያ ከገንዘቡ በፊት ኪሎዋት ሰዓቱን፣ ማለትም የተጠቀማችሁትን የመብራት መጠን እዪ። ካለፉት ወራት ጋር አስተያዪው። እሱ ያው ሆኖ ክፍያው ብቻ ከጨመረ፣ ወይ ታሪፍ ተቀይሯል ወይ ውዝፍ ተደምሮበታል፤ ቤት ውስጥ መፈተሽ አያስፈልግሽም። አንዳንዴም ቆጣሪው ሳይነበብ በግምት ይሞላና፣ በኋላ ሲነበብ የተጠራቀመው ባንዴ ይመጣል። ታሪፉ በእርከን የሚሄድ ከሆነ ደግሞ ፍጆታሽ በጥቂቱ ጨምሮ ወደሚቀጥለው እርከን ሲሻገር ክፍያው ከፍጆታው በላይ ይዘላል።

ኪሎዋት ሰዓቱ ራሱ ከጨመረ ግን አትገምቺ፣ ለኪ። መለኪያው ደግሞ እጅሽ ላይ ነው፤ ያው የምትጠረጥሪው ቆጣሪ።

አንድ ማታ ሁሉንም ነገር ከሶኬት ንቀዪ፣ ፍሪጁንም ጭምር። መብራት በሙሉ አጥፊ። ከዚያ ቆጣሪው ጋ ሂጂ። ዲጂታል ከሆነ ብልጭ ድርግም የምትል ትንሽ መብራት አለችው። አጠገቧ በአንድ ኪሎዋት ሰዓት ስንት ጊዜ እንደምትበራ ተጽፏል። 1000 ካለ፣ ከአንዱ ብልጭታ እስከ ሚቀጥለው ያለውን ሰከንድ ቁጠሪና 3600ን በሱ አካፍዪ። የሚመጣልሽ ቁጥር ቤትሽ በዚያች ደቂቃ የሚስበው ዋት ነው። ለምሳሌ 36 ሰከንድ ከቆየች 100 ዋት ነው። 1600 የሚል ከሆነ ደግሞ 2250ን አካፍዪ።

ሁሉም ተነቅሎ እኔ ቤት በየ9 ሰከንዱ ብልጭ ትላለች። 400 ዋት! ጨለማ ውስጥ ቆሜ፣ አንድም ዕቃ ሳይሠራ። በቀን ወደ 9.6፣ በወር ወደ 288 ኪሎዋት ሰዓት ማለት ነው። ያኔ ነው ልጆቹን በከንቱ እንደተቆጣሁ የገባኝ።

ቀጥሎ ዋናውን ብሬከር አጠፋሁ። ብልጭታው ቆመ። (አንቺ ጋ ካልቆመ፣ ከዋናው ብሬከር በፊት የተጠለፈ መስመር አለ ወይም ቆጣሪው ችግር አለበት ማለት ነው፤ ያኔ አቅራቢውን አቤት ማለት ትችያለሽ።) ከዚያ ትንንሾቹን ብሬከሮች አጥፍቼ፣ ዋናውን መልሼ፣ አንድ በአንድ አበራኋቸው። የቦይለሩን ስነካ ብልጭታዋ ተመልሳ መጣች።

የገረመኝ የቦይለሩ ጠቋሚ መብራት ጠፍቶ ነበር፤ ውሃው ሞቋል ብሎ ቆርጧል። ኤሌክትሪሻን ጠራሁ። ውስጡ ያለው ሬዚስታንስ (ውሃውን የሚያሞቀው ክፍል) ሽፋኑ ተሰንጥቆ ኤሌክትሪኩ በውሃው አልፎ ወደ ኧርዝ፣ ማለትም ወደ መሬት በሚወስደው መከላከያ ሽቦ እየፈሰሰ ነበር። ቦይለሩ ያለ ሶኬት በቀጥታ ከመስመሩ ጋር ሲገናኝ ደግሞ ፌዝ (ኤሌክትሪኩን የሚያመጣው ሽቦ) እና ኒውትራል (የሚመልሰው) ተገላብጠው ስለነበር፣ ውሃው ሲሞቅ የሚያጠፋው ቴርሞስታት የሚቆርጠው ኒውትራሉን ነው። ፌዙ ሃያ አራት ሰዓት እዚያው ነበር። የሚፈሰው 2 አምፔር እንኳ ስለማይሞላ 16 አምፔሩ ብሬከር ከነመፈጠሩም አላወቀውም። እንዲህ ያለውን የሚይዘው አር ሲ ዲ የሚባለው መከላከያ ነው፤ በተለምዶ በ30 ሚሊአምፔር ይቆርጣል። እኛ ቤት አልነበረም። እኛማ ውሃው ምንጊዜም ትኩስ ስለሆነ «ጎበዝ ቦይለር» እያልን እናመሰግነው ነበር። ኧርዙ ደህና ባይሆን ኖሮ ግን ይህን የምጽፍልሽ እኔ ላልሆን እችል ነበር። ስለዚህ ቧንቧ ስትነኪ ትንሽ እንኳ ነዘር ካደረገሽ ሂሳቡን ተዪውና ቦይለሩን ወዲያው ከብሬከሩ አጥፊ። ብሬከሮቹን ማብራትና ማጥፋት ትችያለሽ፤ የሳጥናቸውን ክዳን ግን ራስሽ አትፍቺ፤ እሱ የባለሙያ ሥራ ነው።

ቦይለርሽ ደህና ከሆነ ቀጥሎ የምጠረጥረው የውሃ ፓምፕ ነው፣ ካላችሁ። ሌሊት ማንም ውሃ ሳይጠቀም እየተነሳ የሚጠፋ ከሆነ፣ ወይ ቧንቧ ያፈሳል ወይ ውሃውን ወደ ኋላ እንዳይመለስ የሚይዘው ቫልቭ ለቋል። ጎረቤቴ ያገኘው ይህን ነው፤ ድምፁን ለምዶት ስለነበር አይሰማውም ነበር።

ፍሪጅ ላይ የበሩን ጎማ እዪ። ወረቀት አስገብተሽ ዝጊበትና ጎትቺው፤ ያለምንም ትግል ከወጣ ጎማው አይዝም፣ ኮምፕረሰሩም እረፍት የለውም። ከኋላው አቧራ ከሞላ ወይም ግድግዳ ላይ ከተለጠፈም እንዲሁ።

የሙቅ ውሃ ቧንቧ ጠብ ጠብ ማለትም ቀላል አይደለም። ብርድ ሲመጣም ማንም ሳያጠፋ ፍጆታ ይጨምራል፤ የሚገባው ውሃ ስለሚቀዘቅዝ ነው። 100 ሊትር ከ15 ወደ 60 ዲግሪ ለማድረስ ወደ 5.2 ኪሎዋት ሰዓት ይፈጃል። ከ20 ዲግሪ ቢነሳ 4.7 ገደማ ይበቃው ነበር።

የስልክ ቻርጀር ንቀሉ የሚለው ምክር ግን እኔን ሰልችቶኛል። ምንም ሳይሰካበት አዲሱ ቻርጀር ግማሽ ዋት እንኳ አይስብም። ከዚያ ይልቅ የቲቪ ዲኮደርሽን እዪ፤ ጠፍቶም 10 ዋት የሚስብ ከሆነ በወር 7.2 ኪሎዋት ሰዓት ነው። እሱም ቢሆን ሂሳብን እጥፍ አያደርግም። ያንቺን ያህል ጭማሪ የሚያመጣ ወይ የሚያሞቅ ወይ ሞተር ያለው ነገር ነው።

ማታ ሞክሪውና ስንት ሰከንድ እንደቆየ ጻፊልኝ። ቆጣሪው ላይ ያለውን ቁጥርም አብረሽ ላኪው፣ ያለሱ ማስላት አይቻልም።