«ግማሽ ሰዓት ተቀመጥን፣ የታዘዘን የለም» እና ሌሎች የእንግሊዝ ጎብኚዎች ጥያቄዎች

በዚህ ሳምንት ስለ ቢግ ቤን የጠየቀ አንድም አንባቢ የለም። ደስ ብሎኛል።

ጥያቄ፦ ማንቸስተር ከባለቤቴ ጋር ፐብ (የእንግሊዞች መጠጥ ቤት) ገብተን ግማሽ ሰዓት ተቀመጥን። የመጣ አስተናጋጅ የለም። ንቀት ይሆን? አልኮልም አንጠጣም።

መልስ፦ እርስዎ አስተናጋጅ ሲጠብቁ፣ ባንኮኒው ጋ ያለው ልጅ ደግሞ እርስዎን ሲጠብቅ ነበር። በአብዛኛው ፐብ ተነስተው ሄደው ነው የሚያዙት፤ ሂሳቡም እዚያው ይከፈላል። ምግብ ከፈለጉ የጠረጴዛዎን ቁጥር አይተው ይሂዱ፣ ያመጡልዎታል። ባንኮኒው ላይ ሰልፍ አይታይም እንጂ አለ። ማን እንደቀደመዎት ልብ ይበሉ። ባንኮኒው ጋ ያለው ልጅ ቀድሞ እርስዎን ካናገረዎት «እሳቸው ይቀድማሉ» ይበሉ፤ ወዲያው ይወዱዎታል። ማጨብጨብና ማፏጨት ነውር ነው።

አልኮል አለመጠጣት ችግር የለውም። ሌሞኔድ ካዘዙ ግን የሎሚ ጭማቂ አይጠብቁ፤ የሚመጣው ነጭ ለስላሳ ነው። ጉርሻም አይጠበቅም። ከአገሬው ሰዎች ጋር ከሄዱ ደግሞ ተራ አለ፦ አንዱ ለሁሉም ይገዛል፣ ቀጥሎ ሌላው። እንደኛ «እኔ ልክፈል፣ እኔ ልክፈል» እየተባለ መጓተት የለም። የሰው ጠጥቶ የራሱ ተራ ሲደርስ ሽንት ቤት የሚገባ ሰው ግን ለዓመታት ይታማል።

ጥያቄ፦ ሱቅ ውስጥ ያለችው ልጅ «ኦልራይት?» አለችኝ። የታመምኩ መሰልኳት?

መልስ፦ ሰላምታ ነው እህቴ። «ኦልራይት» ብለሽ እለፊ። እኛስ «ደህና ነሽ?» ስንባል ትኩሳት ይዞንም «እግዚአብሔር ይመስገን» አይደል የምንለው?

ጥያቄ፦ የለንደን አውቶቡስ ሾፌር ፓውንዴን አልቀበልም አለኝ።

መልስ፦ ከ2014 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በጥሬ ገንዘብ አይሳፈሩም። የባንክ ካርድ፣ ስልክ ወይም ኦይስተር ካርድ (ገንዘብ የሚሞላበት የለንደን የትራንስፖርት ካርድ) ማሽኑ ላይ ጠጋ ያድርጉ። ባልና ሚስት በአንድ ካርድ አይሆንም፤ ለየራስ ነው።

ጥያቄ፦ እሁድ ማታ 1 ሰዓት ሱፐርማርኬት ሄጄ ዝግ ነው። በዓል ነበር?

መልስ፦ ሕግ ነው። በእንግሊዝ ትልልቅ ሱቆች እሁድ ከጠዋቱ 4 እስከ ምሽቱ 12 ሰዓት ባለው ጊዜ ውስጥ ለተከታታይ 6 ሰዓታት ብቻ ይከፍታሉ። ትንንሾቹን ይሞክሩ። የእሁድ ትልቁ ነገር ግን ምሳው ነው፦ ጥብስ ሥጋ፣ ድንች፣ መረቅ። ዮርክሻየር ፑዲንግ ስሙ እንዳያሳስትዎ፤ ጣፋጭ አይደለም። እንደ ጎድጓዳ ዳቦ ያበጠ ነገር ነው፣ መረቁ ይፈስበታል።

ጥያቄ፦ ሊድስ ያለ ጓደኛዬ ቤቱ «ለቲ» ጋብዞኛል፣ 11 ሰዓት ተኩል ላይ። ሻይ ብቻ ከሆነ ምሳ ጠግቤ ልብላ?

መልስ፦ ኧረ ተው! በሰሜን እንግሊዝ ብዙዎች «ቲ» የሚሉት እራቱን ነው። ርቦህ ሂድ። ቸኮሌት ወይም አበባ ያዝ። የሚጎዳህ ይሉኝታ ነው። «ልጨምርልህ?» የሚባለው አንዴ ነው። በኛ ልማድ «በቃኝ» ካልክ ሳህኑ ይነሳል፤ «በሞቴ» የሚል የለም። እኔ መጀመሪያ የተጋበዝኩ ቀን፣ ያ ጠርዙ ቡናማ የሆነ የድንች ጥብስ በፊቴ አልፎ ወደ ማድ ቤት ሲመለስ በዓይኔ ሸኘሁት።