ሐኪምዎን ይጠይቁ፦ ጠዋት ተጥዶ የዋለ ዶሮና ፓስታ

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ ዶክተር። የሁለት ልጆች እናት ነኝ። ሥራ ውዬ ማታ ስገባ ምግብ ለመሥራት አቅም ስለማይኖረኝ ስሎው ኩከር (ምግብን ለሰዓታት ቀስ አድርጎ የሚያበስል የኤሌክትሪክ ድስት) ገዛሁ። ጠዋት የዶሮ ሥጋውን ከፍሪዘር አውጥቼ አጥበዋለሁ። ከዚያ ከሽንኩርት፣ ከቲማቲምና ከፓስታ ጋር አንድ ላይ እከተዋለሁ። ፓስታው እንዳይሟሟ ብዬ ማሽኑ እኩለ ቀን ላይ እንዲነሳ ሰዓት እሞላለታለሁ። ማታ ከልጆቹ ጋር እንበላለን። ባለቤቴ አምሽቶ ስለሚገባ የእሱ ድርሻ "ማሞቂያ" ላይ ይቆየዋል። የተረፈው እዚያው ድስቱ ውስጥ ያድርና ለልጆቹ ምሳ እቋጥርላቸዋለሁ። በቅርቡ ሁለቱም ምሳውን በበሉበት ቀን ሌሊት ሆዳቸውን ቆርጧቸው አስቀመጣቸው። ትኩሳትም ማስመለስም አልነበረም። በማግስቱ ተሻላቸው። ከሳምንታት በኋላ ግን ተደገመ። እኔንና ባለቤቴን ምንም አላለንም። እሱ ግን የስኳርና የደም ግፊት ታካሚ ነው፤ ይህን ምግብ በበላ ቁጥር ስኳሩ ከፍ ይላል። ማሽኑን ልጣለው? ጥፋቱ የዶሮው ነው የፓስታው?

መልስ፦ ማሽኑን አይጣሉት፣ እህቴ። ለደከመ ሰው ጥሩ ረዳት ነው። ደግሞም በደንብ ከጻፉልኝ ታሪክ እንደምረዳው፣ ልጆቹን ያመማቸው እራቱ ሳይሆን የማግስቱ ምሳ ይመስለኛል።

እራቱን አራታችሁም በልታችኋል፤ የታመሙት ግን ምሳውን የበሉት ሁለቱ ብቻ ናቸው። ሕመሙ የጀመረው ከምሳ በኋላ ብዙ ሰዓት ቆይቶ፣ ሌሊት ነው። ቁርጠትና ተቅማጥ ነበር፤ ትኩሳት አልነበረም፤ በአንድ ቀን ለቀቀ። ሳላያቸው እርግጠኛ ሆኜ መናገር አልችልም። ነገር ግን ይህ ሁሉ ክሎስትሪዲየም ፐርፍሪንጀንስ ከሚባለው ባክቴሪያ ጋር በጣም ይገጥማል። ይህ ባክቴሪያ ከተበላ ከ6 እስከ 24 ሰዓት ባለው ጊዜ ውስጥ ሆድ ይቆርጣል፣ ያስቀምጣል፤ አብዛኛውን ጊዜ በ24 ሰዓት ውስጥ ያልፋል።

ተንኮሉ እዚህ ላይ ነው። ይህ ባክቴሪያ ስፖር የሚባል ሙቀት የሚቋቋም ጠንካራ ቅርጽ ይይዛል። ስፖሩን ተራ ማብሰል አይገድለውም። ማሽኑ ጠፍቶ ምግቡ ቀስ እያለ ሲበርድ ይነቃና መራባት ይጀምራል። ከ43 እስከ 47 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ሲደርስ ደግሞ በ10 ደቂቃ ገደማ ራሱን እጥፍ ማድረግ ይችላል። የስሎው ኩከር ድስት ወፍራም ነው፤ ሙቀት ይዞ ለሰዓታት ይቆያል። ሥጋና መረቅ ሞልቶት ሲያድር ለዚህ ባክቴሪያ ከዚህ የተሻለ ማደሪያ የለም።

ፓስታውም ከደሙ ንጹሕ አይደለም። የበሰለ ፓስታና ሩዝ ሳይቀዘቅዝ ሲቆይ ባሲለስ ሴረስ የሚባል ሌላ ባክቴሪያ ያፈራል። ከዚህ ባክቴሪያ አንዱ ዓይነት የሚያመነጨው መርዝ ሙቀት አይበግረውም። "ጠዋት በደንብ አሙቄዋለሁ" ማለት እንግዲህ አያዋጣም። ባክቴሪያው ቢሞትም መርዙ ይቀራል። ይኸኛው መርዝ ከ30 ደቂቃ እስከ 6 ሰዓት ባለው ጊዜ ያስመልሳል። ልጆችዎ ስላላስመለሱ ጥርጣሬዬ ከመጀመሪያው ባክቴሪያ አልተነቃነቀም።

ስለዚህ ዋናው ለውጥ ማታ ላይ ነው። ሁላችሁም በልታችሁ ስትጨርሱ የተረፈውን ከድስቱ አውጡት። ጥልቀት በሌላቸው ትናንሽ ዕቃዎች ከፋፍላችሁ ፍሪጅ ውስጥ አስገቡት። ማሽኑ ከጠፋ በኋላ ከ2 ሰዓት በላይ መቆየት የለበትም። ክፍሉ በጣም ሞቃት ከሆነ፣ ማለትም ከ32 ዲግሪ በላይ ከሆነ፣ 1 ሰዓት ብቻ ነው። ድስቱን እንዳለ ፍሪጅ ውስጥ ማስገባት መፍትሔ አይመስልዎት። መሃሉ ሳይቀዘቅዝ ይቆያል፤ ድስቱም ሊሰነጠቅ ይችላል። ፍሪጅ የገባው ምግብ ከ3 እስከ 4 ቀን ባለው ጊዜ ይበላ። እንደገና ሲሞቅ እስኪፈላ ድረስ በምድጃ ወይም በማይክሮዌቭ ይሁን። ስሎው ኩከር የቀዘቀዘ ምግብ ለማሞቅ አይሆንም፤ በጣም ይዘገያል። የልጆቹን ምሳም ጠዋት በጣም አሙቀው ሙቀት በሚይዝ ዕቃ ይቋጥሩ፤ ካልሆነ ከቀዝቃዛ መያዣ ጋር አድርገው ይላኩት። ለብ ያለ ምሳ በቦርሳ ውስጥ ግማሽ ቀን ከዋለ ወደ ድሮው ችግር ተመለስን ማለት ነው።

የባለቤትዎ ድርሻ "ማሞቂያ" ላይ መቆየቱ ችግር የለውም። ምግቡ መጀመሪያ በደንብ በስሎ ከሆነና ማሽኑ ከ60 ዲግሪ በላይ የሚይዝ ከሆነ ማለቴ ነው። ግን ማሞቂያው ለማብሰል አይሆንም። ጥሬ ነገር በዚያ ላይ መጀመር የለበትም።

እራቱ እስካሁን አላመማችሁም ማለት የጠዋቱ አሠራር ትክክል ነው ማለት ግን አይደለም። እስካሁን ዕድል ረድቷችኋል እላለሁ። ጥሬ ዶሮ ላይ ሳልሞኔላና ካምፒሎባክተር የሚባሉ በሽታ አምጪ ባክቴሪያዎች በብዛት ይገኛሉ። በምግብ በኩል በሽታ የሚያመጡ ባክቴሪያዎች በደንብ የሚራቡት ከ4 እስከ 60 ዲግሪ ባለው ሙቀት ነው። ዶሮው ይህንን ክልል ቶሎ ተሻግሮ እንዲያልፍ ነው የምንፈልገው። ሰዓት ሞልተው ሲሄዱ ግን ዶሮው ጠፍቶ በተቀመጠ ማሽን ውስጥ ለሰዓታት ይቀመጣል። በረዶ ነውና አይበላሽም ብለው አስበው ይሆናል። ችግሩ ውጭውና መሃሉ እኩል አለመቅለጣቸው ነው። መሃሉ ድንጋይ እንደሆነ ውጭው ለብ ይላል። ማሽኑ ሲነሳም በረዶውን ለማቅለጥ ብዙ ጊዜ ያባክናል። ስለዚህ ለጥሬ ዶሮ ሰዓት መሙያውን ይርሱት። ዶሮውን ከፍሪዘር አውጥተው በዋዜማው ፍሪጅ ውስጥ ያሳድሩት። ቀልጦ ያድራል፤ ትልቅ ሙሉ ዶሮ ከሆነ ግን አንድ ሙሉ ቀን ሊፈልግ ይችላል።

ማጠቡም ይቅር። ይህን ስናገር ብዙ ሰው ቅር ይለዋል፤ አውቃለሁ። ግን ውኃ ባክቴሪያውን አያስወግደውም፤ ከሥጋው ላይ አንስቶ ወደ ሲንኩ፣ ወደ ሰሐኑ፣ አጠገቡ ወዳለው ሰላጣ ይረጨዋል። የሚገድለው ሙቀት ነው። ሥጋው ላይ የማይወዱት ፈሳሽ ካለ በወረቀት ፎጣ ጠረግ አድርገው ወረቀቱን ይጣሉት፤ ከዚያ እጅዎን በሳሙና ይታጠቡ።

እንግዲህ አሠራሩ እንዲህ ይሁን። ለአራት ሰው 700 ግራም ያህል አጥንት የሌለው የዶሮ ሥጋ ይበቃል። ታፋው ከደረቱ ይልቅ ረጅም ሙቀት ይችላል፤ ደረት ብዙ ሰዓት ሲቆይ ይደርቃል። ቆዳውን ያንሱት፤ አላስፈላጊ ቅባት አብሮ ይሄዳል። ካሮትና ድንች ከገቡ ከታች ይሁኑ፤ ከሥጋው ይልቅ ቀስ ብለው ነው የሚበስሉት። ከላይ ዶሮው፣ ሽንኩርቱ፣ ነጭ ሽንኩርቱ፣ የተፈጨ ቲማቲምና አንድ ኩባያ የፈላ ውኃ ይጨመር። ድስቱ ከግማሽ በላይ፣ ከሁለት ሦስተኛ በታች ቢሞላ ጥሩ ነው። ከቤት ከመውጣትዎ በፊት ጊዜ ካለዎት የመጀመሪያውን 1 ሰዓት "ከፍተኛ" ላይ አድርገው ከዚያ ወደ "ዝቅተኛ" ይመልሱት። "ዝቅተኛ" ላይ ከ5 እስከ 6 ሰዓት ይበቃል። በብዙ ማሽኖች ሁለቱም መጨረሻ ላይ የሚደርሱበት ሙቀት ተቀራራቢ ነው፤ ልዩነቱ እዚያ ለመድረስ የሚወስደው ጊዜ ነው። የሥራ ቀንዎ ከዚያ ከረዘመ ሲያልቅ በራሱ ወደ ማሞቂያ የሚዞር ማሽን ይጠቅምዎታል።

ክዳኑን እየከፈቱ ማየት ያጓጓል፤ ግን አንድ ጊዜ መክፈት ብቻ ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ሊያስመልጥ ይችላል። መብሰሉን በቀለም አይፍረዱ። ነጭ ሆኖ ያልበሰለ ዶሮ አለ፤ በስሎም አጥንቱ ጋ ቀላ የሚል አለ። ርካሽ የምግብ ቴርሞሜትር ይግዙና ወፍራሙ ቦታ ላይ ይውጉት፤ አጥንት እንዳይነካ። 74 ዲግሪ ካነበበ ጨርሰዋል። እቤት ሳይኖሩ መብራት ጠፍቶ እንደነበር ካወቁና ምን ያህል እንደቆየ ካላወቁ፣ ምግቡ የበሰለ ቢመስልም ይጣል። ያስቆጫል፣ ግን ይጣል።

ፓስታውን ከጠዋት ጀምሮ መክተት የለብዎትም። ሰዓት መሙላት ያስፈለገዎትም በእሱ ምክንያት ነው። ማታ ሲገቡ ውኃ ያፍሉና ለብቻው ይቀቅሉት፤ 10 ደቂቃ ገደማ ነው። አንድ ድስት ብቻ ማጠብ እመርጣለሁ ካሉ፣ ማሽኑን ወደ "ከፍተኛ" አዙረው በመጨረሻዎቹ 20 እና 30 ደቂቃዎች መካከል ይጨምሩት፤ መረቁ እንዲሸፍነው ያድርጉ። እኔ ግን ለብቻው መቀቀሉን እመርጣለሁ፣ በተለይ ለባለቤትዎ። ወተት፣ ክሬም ወይም ቺዝ ካለም መጨረሻ ላይ ይግባ፤ ከጠዋት ጀምሮ ከገባ ይቆራረጣል።

በነገራችን ላይ፣ ቀይ ቦሎቄ መጨመር ከፈለጉ ደረቁን እንዳለ ስሎው ኩከር ውስጥ አይክተቱት። ሆድ የሚያውክ ተፈጥሯዊ መርዝ አለው፤ የማሽኑ ሙቀት ላያጠፋው ይችላል። ዘፍዝፈው፣ ውኃውን ደፍተው፣ ቢያንስ ለ10 ደቂቃ በምድጃ ላይ እየተንተከተከ ካፈሉት በኋላ ይጨምሩት። የታሸገው ግን ቀድሞ የበሰለ ነው።

ልጆቹ እንደገና ቢያማቸው ትልቁ ሥራ የወጣውን ፈሳሽ መተካት ነው። ኦ.አር.ኤስ. (በውኃ የሚበጠበጠውን የተቅማጥ ንጥረ ነገር) በትንሽ በትንሹ፣ ቶሎ ቶሎ ይስጧቸው። ፓኬቱ ከሌለ በ1 ሊትር ንጹሕ ውኃ ውስጥ 6 ልሙጥ የሻይ ማንኪያ ስኳርና ግማሽ ልሙጥ የሻይ ማንኪያ ጨው ይበጥብጡ። አንቲባዮቲክ ከራስዎ አይስጡ፤ ተቅማጥ የሚያቆም መድኃኒትም ለልጆች ያለ ሐኪም ትዕዛዝ አይሆንም። ሰገራው ውስጥ ደም ካዩ፣ ትኩሳቱ ወደ 39 ዲግሪ ከተጠጋ፣ የጠጡትን ሁሉ ካስመለሱ፣ ሲያለቅሱ እንባ ካጡ፣ አፋቸው ከደረቀ፣ ለሰዓታት ካልሸኑ ወይም ተቅማጡ ከ3 ቀን ካለፈ ቤት ውስጥ አይጠብቁ፤ ይውሰዷቸው።

አሁን ወደ ባለቤትዎ። 100 ግራም ደረቅ ፓስታ ውስጥ 75 ግራም ገደማ ካርቦሃይድሬት አለ። በማሽኑ ውስጥ ለሰዓታት የተሟሟ ፓስታ ደግሞ ጠንከር ብሎ ከተቀቀለው ይልቅ ስኳርን ቶሎ ያወጣል። ፓስታውን ጥርስ ላይ ጠንከር እንዳለ ያውጡት፤ ለእሱ 50 ግራም ደረቅ ያህል ይመዝኑለት። የሰሐኑ ግማሽ አትክልት፣ ሩቡ ዶሮ፣ ሩቡ ፓስታ ይሁን። አትክልቱንና ዶሮውን ቀድሞ፣ ፓስታውን በኋላ ቢበላ የስኳሩን አወጣጥ ያለዝበዋል። ጨውን በተመለከተ የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ በቀን ከ5 ግራም በታች ይላል። የሾርባ ኪዩብ ደግሞ ከክብደቱ ግማሽ ያህሉ ጨው ነው፤ እሱን ይተዉት። ረጅም ሰዓት የተጣደ ምግብ ጣዕሙ ሊደበዝዝ ስለሚችል እጅ ወደ ጨው ይሄዳል። በዚያ ፋንታ ከማውጣትዎ በፊት ሎሚ፣ ቁንዶ በርበሬና ትኩስ ቅጠላ ቅጠል ይጨምሩበት። "የጨው ምትክ" ተብለው የሚሸጡትን ሐኪሙን ሳይጠይቅ እንዳይጀምር፤ ብዙዎቹ ፖታሲየም የሚባል ማዕድን አለባቸው፤ ኢናላፕሪልን የመሰለ የግፊት መድኃኒት ለሚወስድ ወይም ኩላሊቱ ለደከመ ሰው አደገኛ ሊሆኑ ይችላሉ።

ኢንሱሊን ወይም ግሊበንክላማይድ የሚባለውን የስኳር ኪኒን የሚወስድ ከሆነ ፓስታውን በአንድ ጊዜ መቀነስ ስኳሩን ከልክ በታች ሊያወርድበት ስለሚችል አስቀድሞ ሐኪሙን ያማክር። ከዚያ በአዲሱ አሠራር ሲበላ መብላት ከጀመረ ከ2 ሰዓት በኋላ ስኳሩን ይለካና ይመዝግበው። ለብዙ አዋቂ ታካሚዎች በዚያ ሰዓት የሚፈለገው ከ180 ሚሊግራም በዴሲሊትር በታች ነው። ከዚያ በላይ እየሆነ ከቀጠለ ማስታወሻውን ይዞ ወደ ሐኪሙ ይሂድ፤ ምናልባት መስተካከል ያለበት መድኃኒቱ ይሆናል።