ጠያቂው ተጠያቂ ሲሆን
የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ለዚህ ዕትም የመረጥናቸው ደብዳቤዎች በአንድ ጉዳይ ዙሪያ የሚሽከረከሩ ናቸው፤ ጋዜጣ ሲያዘጋጅ የኖረ ሰው የመንግሥት መሥሪያ ቤት ቃል አቀባይ ሲሆን። ጸሐፊዎቹ ስማቸው እንዳይወጣ ስለጠየቁን ሰፈራቸውን ብቻ ጠቅሰናል።

ጥያቄ፦ በአንድ ሳምንታዊ ጋዜጣ 11 ዓመት ሠርቻለሁ፤ ያለፉትን አራት ዓመታት በዋና አዘጋጅነት። አሁን አንድ የፌዴራል መሥሪያ ቤት የሕዝብ ግንኙነት ኃላፊና ቃል አቀባይ እንድሆን ጠይቆኛል። ደመወዙ ደህና ነው፤ ቢሮውም ለቤቴ ቅርብ ነው። እሺ ከማለቴ በፊት ምን ልጠይቅ? (ከአራት ኪሎ)

መልስ፦ ደመወዙን ለጊዜው ይተዉትና ስለ በሩ ይጠይቁ። የሥራ አመራር ስብሰባ ሲካሄድ ውስጥ ይቀመጣሉ ወይስ ሲያልቅ ቃለ ጉባኤ ይላክልዎታል? ሥራው የሚቆመውም የሚወድቀውም እዚህ ላይ ነው። የራሱን መሥሪያ ቤት ውሳኔ ከጋዜጠኛ ስልክ የሚሰማ ቃል አቀባይ «አጣርቼ እደውላለሁ» ከማለት ሌላ ሥራ የለውም። ጋዜጠኞችም ወር ሳይሞላ ያውቁበትና እርሱን ዘለው ወደ ምክትሉና ወደ ዳይሬክተሮቹ ይደውላሉ።

ቀጥሎ መግለጫ የሚያጸድቀው ማን እንደሆነ ይጠይቁ። አንድ ሰው መሆን አለበት፤ እርሱ በሌለ ጊዜም የሚተካው የታወቀ አንድ ሰው። ረቂቅ በአራት ዳይሬክተሮች ጠረጴዛ ላይ ከዞረ እያንዳንዳቸው አንድ ቅጽል ይጨምሩበታል እንጂ አንድ ስህተት አያርሙም። ጠዋት 3 ሰዓት የተጻፈው በማግሥቱ ይወጣል፤ በማግሥቱ ደግሞ ወሬው በቴሌግራም መልኩን ቀይሮ ከተማውን ዞሮ ጨርሷል። ረቂቅ በገባ በሁለት ሰዓት ውስጥ «ይውጣ» ወይም «ይቅር» የሚል መልስ እንደሚያገኙ በጽሑፍ ይስማሙ። ቦታው ሹመት ይሁን ቋሚ ቅጥርም ይለዩ፤ ሹመት ከሆነ ከሿሚዎ ጋር መጥተው ከሿሚዎ ጋር ይሄዳሉ።

ያልጠየቁንን አንድ ነገር እንጨምር። በ11 ዓመት ውስጥ ስማችሁን አላወጣም ብለው ቃል የገቡላቸው ምንጮች አሉ። ከእነርሱ አንዱ ነገ በሚገቡበት ሕንጻ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ተቀምጦ ይሆናል። አዲሱ አለቃዎ አንድ ቀን ሻይ እየጠጡ «ያንን ሰነድ ያወጣው ማን ነበር?» ብለው መጠየቃቸው አይቀርም። መልሱ ዝምታ ነው፤ ያ ቃል የተሰጠው ለምንጩ ነውና ሥራ ስለቀየሩ አይፈርስም። ከመልቀቅዎ በፊት የማስታወሻ ደብተሮችዎን፣ የስልክ መልእክቶችዎንና በኢሜይል ያሉትን ሰነዶች ያጽዱ። በተለይ የግል የቴሌግራም አካውንትዎን በቢሮ ኮምፒውተር ላይ አይክፈቱ።

ከቀድሞ ጋዜጣዎ ጋር ያለው ጉዳይ ግን ቀላል ነው። ዜና አስቀድመው አይስጡት፤ አይንፈጉትም። ለሁሉም አንድ ጽሑፍ በአንድ ደቂቃ ይላክ።

ጥያቄ፦ በሕዝብ ግንኙነት ክፍል ባለሙያ ነኝ። አዲሱ ኃላፊያችን ከጋዜጣ የመጡ ናቸው፤ የምንጽፈውን መግለጫ ሁሉ ይሰርዙታል። ጋዜጦችም ስንልክላቸው ወይ አያወጡትም ወይ ቁጥሩን አሳስተው ያወጡታል። ስህተቱ የት ነው? (ከካዛንቺስ)

መልስ፦ ለመሰረዙ ኃላፊዎን አንወቅስም። የላኩልንን ናሙና አይተነዋል፤ የመጀመሪያው አንቀጽ 62 ቃላት አሉት። የመድረኩ ስም፣ የአዘጋጁ ስም፣ የክቡር እንግዳው ማዕረግና «በንግግራቸው እንዳሉት» የሚል ሐረግ አለ፤ ዜናው የለም። ዜናው በአራተኛው አንቀጽ ነው የሚገኘው። ለምሳሌ የፈቃድ እድሳት ከመጋቢት 1 ጀምሮ በኦንላይን ብቻ የሚደረግ ከሆነ የመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር ያው ነው፤ ማን፣ ምን፣ ከመቼ ጀምሮ፣ ስንት ብር። ከ25 ቃላት አይብለጥ። መድረኩና እንግዶቹ ታች ይወርዳሉ። ጠቅላላው ከአንድ ገጽ፣ ማለትም ከ300 እስከ 350 ቃላት አይለፍ። የአንድ ኃላፊ ንግግር ብቻ ይጠቀስ፤ ንግግሩም ሰው በአፉ የሚለው ዓይነት ይሁን። «አጠናክሮ እንደሚቀጥል ተገለጸ» የሚለውን የትኛውም አርታኢ ሳያነብ ይሰርዘዋል።

የቁጥሩ ስህተት ግን ከአጻጻፋችሁ የመጣ አይመስለንም፤ ከአላላካችሁ ነው። ማኅተም ያረፈበትን ወረቀት ስካን አድርጋችሁ ብቻ ትልካላችሁ። ጋዜጠኛው ከምስል ላይ ማንበብና እንደገና መተየብ ግድ ይለዋል፤ 1 ነጥብ 7 ቢሊዮን 17 ቢሊዮን የሚሆነው እዚያ ነው። ስካኑ ለማረጋገጫ ይሂድ፤ ከሥሩ ግን ሊገለበጥ የሚችለው ጽሑፍ አብሮ ይላክ። ጽሑፉ በድሮው ፓወር ግዕዝ ከተተየበ ፊደሉ በሌለበት ኮምፒውተር ላይ ትርጉም አልባ የላቲን ፊደላት ሆኖ ይከፈታልና በየትኛውም ኮምፒውተርና ስልክ በሚነበበው በዩኒኮድ፣ ለምሳሌ ናይላ በተባለው ፊደል፣ ይተየብ። ከመላካችሁ በፊት በሌላ ሰው ስልክ ከፍታችሁ እዩት። ቁጥሮቹን ደግሞ አንዱ ከዋናው ሰነድ ጮክ ብሎ እያነበበ ሌላው በመግለጫው ላይ ይከተል፤ አምስት ደቂቃ አይፈጅም።

በመቶኛም ላይ ተጠንቀቁ። ሽፋኑ ከ40 በመቶ ወደ 50 በመቶ ካደገ ጭማሪው 10 የመቶኛ ነጥብ ነው፤ «በ10 በመቶ አደገ» ማለት ስህተት ነው፤ በመቶኛ ከተሰላ 25 በመቶ ነው። ሁለቱንም መነሻ ቁጥሮች ብትጽፉ ማንም አይሳሳትም።

የሰዓቱንም ነገር እንንገራችሁ። የቴሌቪዥኑ ዋና የአማርኛ ዜና ምሽት 2 ሰዓት ነው። ካሜራ ይዞ የመጣ ቡድን በመኪና ተመልሶ፣ ቆርጦ፣ ድምፅ አስገብቶ ለማድረስ ግማሽ ቀን ይፈልጋል። ከሜክሲኮ አራት ኪሎ ለመድረስ 11 ሰዓት ላይ ስንት ደቂቃ እንደሚፈጅ ለእናንተ አንነግርም። ጋዜጣዊ መግለጫ ጠዋት ከ3፡30 እስከ 4፡30 ባለው ጊዜ ቢጀመር ሁሉም ይደርሳል። የጋዜጠኞቹን ስም፣ የካሜራና የላፕቶፕ ዝርዝር ከዋዜማው ለጥበቃ ስጡ፤ በር ላይ 40 ደቂቃ የቆመ ዘጋቢ የመጀመሪያ ጥያቄው ምን እንደሚሆን ታውቁታላችሁ።

ጥያቄ፦ የመሥሪያ ቤታችንን መግለጫዎች ወደ እንግሊዝኛ እተረጉማለሁ። ቀንና ሰዓት ላይ ተደጋጋሚ ስህተት አለብኝ። (ከፒያሳ)

መልስ፦ ብቻዎን አይደሉም። ሰዓቱ ስድስት ሰዓት መቀነስ ወይም መጨመር ነው፤ ከቀኑ 8 ሰዓት በፈረንጅ ከሰዓት በኋላ 2 ነው። የሚያስቸግረው ሌሊቱ ነው። በፈረንጆች ቀኑ የሚቀየረው ከሌሊቱ 6 ሰዓት ላይ ስለሆነ «ማክሰኞ ሌሊት 9 ሰዓት» ብለው ቢተረጉሙ አንባቢው አንድ ቀን ሊሳሳት ይችላል። አማርኛው ራሱ መፍትሔ አለው፤ «ማክሰኞ ለረቡዕ አጥቢያ» ብለው ይጻፉት፣ በእንግሊዝኛው ረቡዕ ይሆናል።

ዓመቱን በተመለከተ ከመስከረም 1 እስከ ታኅሣሥ 22 ወይም 21 ድረስ ልዩነቱ ሰባት፣ ከዚያ በኋላ ስምንት ነው። ጳጉሜን 6 ቀን ከሆነችበት ዓመት ቀጥሎ ባለው ዓመት እስከ የካቲት ድረስ ቀኑ በአንድ ይገፋል፤ ስለዚህ መስከረም 1 ቀን 2016 ሴፕቴምበር 12 እንጂ 11 አልነበረም። የበጀት ዓመት ከሐምሌ 1 እስከ ሰኔ 30 ስለሆነ በአንድ የፈረንጅ ዓመት መጻፍ አይቻልም። የ2016 በጀት ዓመት 2023/24 ተብሎ ነው የሚጻፈው።

ጥያቄ፦ ቃል አቀባይ ከሆንኩ ስድስት ወር ሆነኝ። አንዳንዴ የማውቀውን መናገር አልችልም። ሳልዋሽ እንዴት ልለፈው? (ከሜክሲኮ)

መልስ፦ ሦስት መልሶችን አያደባልቁ። «አላውቅም» የሚባለው በእርግጥ ካላወቁ ነው፤ መቼ እንደሚያውቁ ሰዓት ቆርጠው ይናገሩና ባዶ እጅዎንም ቢሆን በዚያ ሰዓት ይደውሉ። «አውቃለሁ፣ ግን አሁን መናገር አልችልም» የሚባለው ምክንያቱን መግለጽ ሲችሉ ነው፤ ጨረታ አልተከፈተም፣ ጉዳዩ ፍርድ ቤት ነው፣ ቤተሰብ ገና አልተረዳም። «ሐሰት ነው» የሚባለው ሰነዱን በዓይንዎ ካዩ በኋላ ብቻ ነው። ብዙዎችን የሚያወድቃቸው ይህ ሦስተኛው ነው፤ አለቃ በስልክ «ውሸት ነው በል» ይላል፣ ቃል አቀባዩም ይላል፣ በሳምንቱ ሰነዱ ይወጣል። ከዚያ በኋላ እውነት ቢናገሩም የሚያምን አይገኝም።

ሲያስተባብሉ የከሳሹን ቃል አይድገሙ። «ገንዘቡ አልተሰረቀም» ካሉ «ስርቆት» የሚለው ቃል በእርስዎ አፍ ርዕስ ይሆናል። ኦዲቱ መቼ እንደተጀመረ፣ ማን እንደሚሠራውና መቼ እንደሚያልቅ ይናገሩ።

ስም ሳይጠቀስ ስለሚሰጥ መረጃ፦ ስምምነቱ ከመናገርዎ በፊት ነው የሚደረገው። ተናግረው ሲጨርሱ «ይህማ ለጆሮህ ብቻ ነው» ቢሉ ጋዜጠኛው አይገደድም፤ እርስዎም አርታኢ በነበሩ ጊዜ አይቀበሉትም ነበር።

ጥያቄ፦ ከዚህ ሥራ ወደ ጋዜጣ መመለስ ይቻላል? (ከአምባሳደር)

መልስ፦ ይቻላል፤ ቢያንስ አንድ ዓመት ስለለቀቁት መሥሪያ ቤት ባይጽፉ ይመረጣል። በሁለቱ መካከል ያለው መንገድ በአገራችን አዲስ አይደለም። በዓሉ ግርማ የአዲስ ዘመንና የኢትዮጵያን ሄራልድ አዘጋጅ ነበር፤ ኋላም በማስታወቂያ ሚኒስቴር ከፍተኛ ኃላፊ ሆነ። በሥራው ያየውን «ኦሮማይ» በተባለው ልብ ወለዱ ከጻፈ በኋላ በ1976 ዓ.ም. ደብዛው ጠፋ። የእርሱን ዘመን ከዛሬው ጋር ማስተያየት ተገቢ ባይሆንም፣ በቢሮ ያዩትን የመጻፍ ፍላጎት ካለዎት ዋጋውን አስበው ይግቡ።

ጥያቄ፦ እኔ ደግሞ በዚያኛው ወገን ነኝ፤ ዘጋቢ ነኝ። የቀድሞ አለቃዬ ቃል አቀባይ ከሆኑ ወዲህ ስልክ አያነሱም። (ከአራት ኪሎ)

መልስ፦ ስልኩን ይተዉትና ይጻፉ። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 29 ለሕዝብ ጥቅም ያለውን መረጃ የማግኘት ነጻነትን ያካትታል፤ አዋጅ ቁጥር 590/2000 ደግሞ አሠራሩን ይደነግጋል። የመገናኛ ብዙኃን አዋጅ 1238/2013 ከወጣ በኋላም የመረጃ ነጻነት ክፍሉ አልተሻረም። በአዋጅ 590 መሠረት የሕዝብ ግንኙነት ኃላፊው ጥያቄውን በ30 ቀን ውስጥ መመለስ አለበት፤ ከከለከለም ምክንያቱን ይገልጻል።

የሚበላሸው አጠያየቁ ላይ ነው። «ስለ ፕሮጀክቱ መረጃ ይሰጠኝ» የሚል ደብዳቤ አንድ ብሮሹር ያመጣልዎታል። የውሉን ቁጥር፣ የተፈረመበትን ቀን፣ እስከ የትኛው ወር የተከፈለውን ገንዘብ ለይተው ይጠይቁ፤ ከሦስት ጥያቄ አይብለጥ። ደብዳቤውን በሁለት ቅጂ ወስደው መዝገብ ቤት ያስገቡ፤ በቀሪው ላይ የገቢ ቁጥር፣ ቀንና ማኅተም ያስደርጉ። ያ ቅጂ ከሌለዎት 30 ቀኑ መቼ እንደጀመረ ማስረዳት አይችሉም። ጊዜው ካለፈ በመጀመሪያ ለመሥሪያ ቤቱ የበላይ ኃላፊ፣ ቀጥሎ ለኢትዮጵያ ሕዝብ እንባ ጠባቂ ተቋም ያመልክቱ። ለቀድሞ አለቃዎም በአጭር መልእክት ደብዳቤው መግባቱንና የገቢ ቁጥሩን ያሳውቋቸው፤ ብዙ ጊዜ ወረቀቱ መዝገብ ቤት ቀርቶ እርሳቸው ጠረጴዛ ላይ አልደረሰም።