በርሊን ማራቶንን ከትናንሽ ልጆች ጋር፦ ጠይቁኝ

ሰሞኑን «ልጆች ይዘን በርሊን ማራቶን ብንሄድ ያዋጣል?» የሚሉኝ ሰዎች በዝተዋል። እኔና ባለቤቴ ከፍራንክፈርት በባቡር እየተነሳን ሁለቱን ልጆቻችንን ይዘን ሦስት ጊዜ ሄደናል። የማውቀውን ሁሉ እነግራችኋለሁ።

የ4 ዓመት ልጅ አለችኝ። ሩጫ ቆሞ ማየት አይሰለቻትም?

ቀኑን ሙሉ ሩጫ ስትከተሉ ከዋላችሁ ይሰለቻታል። እኛ መጀመሪያ የሄድን ጊዜ ሦስት ቦታ ለማየት አስበን ነበር። የልጅ ጋሪ ተሸክመን የምድር ውስጥ ባቡር ደረጃ ስንወጣ ስንወርድ ረፈደ፤ ሊፍት የሌላቸው ጣቢያዎች አሉና። ትንሿ አለቀሰች፣ እኛም አንድ አትሌት በቅጡ ሳናይ ቀረን። ከዚያ ወዲህ አንድ ቦታ ብቻ እንመርጣለን። ጠዋቱ የሩጫው፣ የቀረው ቀን የልጆቹ ነው።

ታዲያ የት እንቁም?

እኔ ኩርፈርስተንዳም ጎዳና ላይ እላለሁ፣ 34ኛው ኪሎ ሜትር አካባቢ። ግንባር ቀደሞቹ በእኛ አቆጣጠር ጠዋት 3፡15 ተነስተው እዚያ የሚደርሱት ለ5 ሰዓት ጥቂት ሲቀረው ነው። ልጆቹ ተኝተው፣ ቁርስ በልተው ይደርሳሉ። ሲጨርሱ ደግሞ የእንስሳት ማቆያው ቅርብ ነው። ብራንደንቡርግ በር ሄዳችሁ መጨረሻውን እንይ ካላችሁ ግፊያው ለጋሪ አይሆንም።

መሪዎቹ ሦስት አራት ሰከንድ ውስጥ ሽው ብለው ያልፋሉ። ይህንን ለልጆቹ ቀድማችሁ ንገሯቸው። አስፋልቱ ላይ አጭሩን መንገድ የሚያሳይ ሰማያዊ መስመር ተሰምሯል። ልጄን ትከሻዬ ላይ አወጣውና «መስመሩን ጠብቅ» እለዋለሁ። እሱን የማረከው ግን ከኋላ የሚመጣው ተራው ሯጭ ነው። እጁን ዘርግቶ «በርታ! በርቺ!» ሲል፣ ላብ ያጠመቃቸው ሰዎች ከመንገዳቸው ወጣ ብለው መዳፉን መታ ያደርጉለታል። አንድ ሰዓት ሙሉ ንቅንቅ አላለም።

ለምን በርሊን? ፓሪስ ለልጅ አይሻልም?

ለልጅ መዝናኛ ብቻ ከሆነ ፓሪስም ጥሩ ነው። ግን ኃይሌ በፈረንጆቹ 2008 በ2 ሰዓት ከ3 ደቂቃ ከ59 ሰከንድ ገብቶ የዓለም ክብረ ወሰን የሰበረው እዚህ ነው። ቀነኒሳ በ2019 የዓለም ክብረ ወሰን በሁለት ሰከንድ ያመለጠው እዚህ ነው። ትዕግሥት አሰፋ በ2023 2፡11፡53 ሮጣ የሴቶቹን ክብረ ወሰን ከሁለት ደቂቃ በላይ ያሻሻለችውም እዚሁ ጎዳና ላይ ነው። ውጭ አገር የተወለደች ልጄ ባንዲራችንን ይዛ ስትጮህ ሳይ አንጀቴ ይላወሳል። ጊዜውም ሴፕቴምበር ማገባደጃ፣ የመስቀል ሰሞን ነው።

ከአዲስ አበባ ነን። የልጆች ቪዛ እንዴት ነው?

እህቴ፣ ቀጠሮ ቶሎ ያዢ። ማመልከቻ ከጉዞው 6 ወር በፊት ጀምሮ ይቀበላሉ። እያንዳንዱ ልጅ የራሱ ማመልከቻ አለው። ክፍያው ለአዋቂ 90 ዩሮ፣ ከ6 ዓመት ጀምሮ 12 ላልሞላው ልጅ ግማሹ ነው፤ ከ6 በታች አይከፍሉም። ቢያንስ 30,000 ዩሮ የሚሸፍን የጉዞ መድን ያስፈልጋል። ብቻሽን ይዘሻቸው ከሆነ የልደት ምስክር ወረቀትና የአባትየውን ፈቃድ አዘጋጂ።

ባለቤቴ ሯጭ ነው፤ የመሮጫ ቁጥሩን ሲወስድ ልጆቹን ምን ላድርግ?

ቁጥር የሚወሰደው ቴምፕልሆፍ፣ የድሮው አየር ማረፊያ ሕንፃ ውስጥ ነው። አብራችሁ ሂዱ! እሱ ይሰለፍ፤ አንቺ ልጆቹን ወደ ሜዳው ውሰጃቸው። አየር ማረፊያው በፈረንጆቹ 2008 ተዘግቶ ከ2010 ጀምሮ ለሕዝብ ክፍት ነው። አውሮፕላን ይነሳበት የነበረው ማኮብኮቢያ ላይ ልጆች ብስክሌት ይነዳሉ። የእኔዎቹ ከጉዞው ሁሉ የሚያነሱት እሱን ነው።

ዳይፐርና ወተት እዚያው ይገኛል?

ቅዳሜ ግዙ! እሑድ ጀርመን ውስጥ አብዛኛው ሱቅ ዝግ ነው፤ ትልልቅ ባቡር ጣቢያዎች ውስጥ ያሉት ግን ይከፈታሉ። ማረፊያም ኩሽና ያለው አፓርታማ ይሁን። የማራቶን ሰሞን ዋጋው ስለሚሰቀል ወራት ቀድማችሁ ያዙ።

መንገዱ ሲዘጋ እንዴት እንሻገራለን?

በምድር ውስጥ ባቡር ጣቢያ መተላለፊያ፣ ከሥር። ከ6 ዓመት በታች ያሉ ልጆች ባቡሩን በነፃ ይሳፈራሉ። ከመውጣታችሁ በፊት ስልክ ቁጥራችሁን በእስክሪብቶ የልጆቹ ክንድ ላይ ጻፉ። እኔ እጅጌ ሥር እጽፋለሁ፣ ሲታጠቡ እንዳይለቅ።