መልስ፦ አንድ ጨዋታ ብቻ የተጫወተው ሰውዬ

«በሜጀር ሊግ (በአሜሪካ ከፍተኛው የቤዝቦል ሊግ) አንዴ ብቻ ተሰልፎ የቀረ፣ ግን ስሙ የሚነሳ ተጫዋች አለ ወይ?» ላልከው፣ አለ። ጆን ፓቾሬክ ይባላል፣ የዲትሮይት ልጅ ነው።

እ.ኤ.አ. መስከረም 1963 መጨረሻ ላይ፣ በውድድር ዘመኑ የመዝጊያ ቀን፣ የሂዩስተን ቡድን ኒውዮርክ ሜትስን ሲገጥም በ18 ዓመቱ አሰለፉት። አምስቴ ዱላ ይዞ ገባ፤ ሦስቴ መታ፣ ሁለቴ ደግሞ ወርዋሪው ኳሱን እያሳተ በነጻ ወደ ቤዝ (ሯጩ የሚደርስበት የሜዳው ጣቢያ) አሳለፈው፣ ማለትም አንዴም ቤዝ ሳይደርስ አልቀረም! አራት ነጥብ ራሱ ሮጦ አገባ፣ በምቶቹ ደግሞ ጓደኞቹ ሦስት ነጥብ እንዲያገቡ አደረገ። ሂዩስተን 13 ለ 4 አሸነፈ።

ከዚያስ? ጀርባው ከዳው። በ1964 የአከርካሪ ቀዶ ጥገና አደረገ። በታችኛው ሊግ ለዓመታት ቢታገልም ወደ ላይ አልተመለሰም፤ በኋላ ካሊፎርኒያ ውስጥ የስፖርት መምህር ሆነ። ወንድሙ ቶም ግን 18 የውድድር ዘመን ተጫውቷል፣ ያውም ቤተሰቡ ውስጥ ጂም የሚባል ሦስተኛም አለ።

አንዳንዱ «ዕድለኛ ነበር» ይላል። እኔ አልስማማም፣ ከአምስት አምስቴ ቤዝ መድረስ በዕድል ብቻ አይመጣም ባይ ነኝ።