ጭንቅላት ወደፊት፣ እግር ወደኋላ፦ የስኬለተን ጥያቄዎቻችሁ

ባለፈው ሳምንት ስለ ስኬለተን ጽፌ ነበር። ስሌድ በሚባል ትንሽ መንሸራተቻ ላይ በደረት ተኝቶ፣ ጭንቅላትን አስቀድሞ፣ በበረዶ ቦይ ውስጥ በሰዓት 130 ኪሎ ሜትር የሚወረድበት ስፖርት ነው። የመጣው ደብዳቤ ብዛት ገርሞኛል። ግማሹ ስድብ ነበር፣ የቀረውን እነሆ።

ፍሬን አለው?

የለውም። መጨረሻ ላይ ትራኩ ዳገት ይሆናል፣ እግራቸውን ይጎትታሉ፣ ይቆማል።

"እኔ በቴሌቪዥን ያየሁት በጀርባው ተኝቶ እግሩን አስቀድሞ ነው፣ ተሳስተሃል።"

ያየኸው ሉጅ ነው። አልተሳሳትኩም።

"የሥራ ፈት ጨዋታ"

አንድ የአዳማ አንባቢ ልጅ እያሉ ጄሪካን ቆርጠው ቁልቁለት ሲንሸራተቱበት ማንም ሜዳሊያ እንዳልሰጣቸው ጽፎልኛል። እኔም ተንሸራትቻለሁ፣ ያገኘሁት የእናቴን ኩርኩም ነው። ግን ወንድሜ፣ አንድ ቀን ጀርመን ዊንተርበርግ ሄጄ ትራኩ ዳር ቆሜያለሁ። መጀመሪያ የሚመጣው ድምፁ ነው፣ ቆርቆሮ ጣሪያ ላይ ጠጠር የሚንደረደር ይመስላል። ከዚያ አንድ ሄልሜት እልም ይላል፣ አገጩ ከበረዶው ጣት ያህል ብቻ ከፍ ብሎ። ስልኬን አውጥቼ ልቀርጸው ብል የቀረጽኩት ባዶ በረዶ ነው።

መሪ የለውም። የሚነዳው ትከሻና ጉልበትን በትንሹ በመጫን ነው። ሲጨንቃቸው በጫማቸው ጫፍ በረዶውን ነካ ያደርጋሉ፣ ያቺ ንክኪ ግን ሰዓት ትበላለች፣ ውጤቱ ደግሞ የሚለየው በመቶኛ ሰከንድ ነው። ቀናቸውስ እንዴት ያልፋል? ትራኩን በእግራቸው እየሄዱ ኩርባዎቹን በቃላቸው ያጠናሉ። ከዚያ ብዙውን ጊዜ ሁለቴ ይወርዳሉ፣ እያንዳንዱ አንድ ደቂቃ ገደማ ነው። ከዚያ የራሳቸውን ቪዲዮ ያያሉ፣ ጂም ይገባሉ። ማታ ሆቴል ክፍላቸው ቁጭ ብለው ከስሌዱ ሥር ያሉትን ሁለት ብረቶች በብርጭቆ ወረቀት ያሻሉ፣ ይፈትጋሉ፣ እጃቸው እስኪዝል። (ማሞቅ ክልክል ነው፣ ከውድድር በፊት የብረቱ ሙቀት ይለካል።) ይህ ሁሉ ለነገዋ ሁለት ደቂቃ ነው። ሲያልቅ ዕቃቸውን ጭነው ወደሚቀጥለው ትራክ፦ አልተንበርግ፣ ኢግልስ፣ ሲጉልዳ፣ ሊልሃመር፣ ሌክ ፕላሲድ። ሥራ ፈት ያልካቸው እነዚህን ነው።

ደሞዝ አላቸው?

እንደ አገሩ ነው። ጀርመን ውስጥ ብዙዎቹ በወታደርነት ወይም በፌዴራል ፖሊስነት ተቀጥረው ደሞዝ እየበሉ ይወዳደራሉ። ከትንሽ ቡድን የመጣው ግን በጋውን ሠርቶ ያጠራቀመውን ክረምት ላይ ይጨርሰዋል። የፈረንጁን በጋና ክረምት ማለቴ ነው።

"100 ሜትር በ11 ሰከንድ እሮጣለሁ። ኢትዮጵያን ወክዬ መወዳደር እችላለሁ?"

ፍጥነትህ ጥሩ መነሻ ነው፣ መጀመሪያ ላይ አጎንብሶ ስሌዱን እየገፉ መሮጥ ስላለ። በረዶ የለንም የሚለው ደግሞ ሰበብ አይሆንም። እንግሊዝም የበረዶ ትራክ የላትም፣ ባዝ ከተማ ውስጥ ግፊያውን ብቻ ይለማመዳሉ፣ የእነሱዋ ሊዚ ያርኖልድ ግን እ.ኤ.አ. በ2014 እና በ2018 ተከታታይ የኦሎምፒክ ወርቅ ወስዳለች። በዚያው በ2018 ፒዮንግቻንግ ላይ የናይጄሪያዋ ሲሚዴሌ አዴአግቦ እና የጋናው አክዋሲ ፍሪምፖንግ ወርደዋል። እሷ የስሉስ ዝላይ ሰው ነበረች፣ እሱ ሯጭ። የእኛው ሮቤል ተክለማርያምም በሌላ ስፖርት፣ በበረዶ ሸርተቴ፣ በ2006 እና በ2010 ክረምት ኦሎምፒክ ላይ ባንዲራችንን ይዟል።

እንግዲህ ኦሎምፒክ ኮሚቴውን ጠይቅ፣ ለዓለም አቀፉ ፌዴሬሽን ጻፍ። ከዚያ ገንዘብ፣ ከዚያ ቪዛ። ስለ ቪዛው ምንም አልልም።

"ቡና ስላቆመች ይሆን?"

የዚህች እናት ደብዳቤ ከዴንቨር ነው የመጣው፣ አሳጥሬዋለሁ። ልጃቸው በዩኒቨርሲቲ የአጭር ርቀት ሯጭ ነበረች። የስኬለተን መልማዮች አይተው ወሰዷት፣ አሁን ሁለተኛ ዓመቷ ነው። በደወለች ቁጥር ራሴን አመመኝ ትላለች፣ መብራት ያስጠላታል። ባለፈው በቪዲዮ ሲያወሩ የአክስቷ ስም ጠፋባት። ወድቀሽ ነው ወይ ሲሏት አልወደቅኩም፣ ድካም ነው አለች።

እትዬ፣ ቡናውን እንተወው። ልጅዎን ምን እንዳገኛት ከዚህ ሆኜ መናገር አልችልም፣ የጻፉልኝ ነገር ግን በተወዳዳሪዎቹ ዘንድ ስም አለው፣ "ስሌድ ሄድ" (የስሌድ ጭንቅላት) ይሉታል። ሳይወድቁም ይመጣል። ኩርባ ላይ ሰውነት በራሱ ላይ አራት አምስት እጥፍ ይከብዳል፣ አንገት ጭንቅላትን መሸከም ያቅተዋል፣ አገጭ በረዶውን ይመታል። በረዶው ደግሞ ከሩቅ መስታወት ይመስላል እንጂ ለወረደበት ኮረኮንች ነው። አንጎል ራስ ቅል ውስጥ ሆኖ፣ በቅል እንደተቀመጠ እርጎ ይናጣል። በየቀኑ ሁለቴ፣ ክረምቱን ሙሉ።

ለምን ትደብቃለች? አንድ ውድድር ካለፋት ነጥብ ታጣለች፣ ነጥብ ካጣች ቦታዋን ሌላ ይወስደዋል። ክኒን ውጦ ደህና ነኝ ማለት ይቀላል። እኛ ደግሞ እናግዛቸዋለን። እኔ በልጅነቴ ኳስ ስጫወት ግንባሬን ተመትቼ ሁለት ቀን ሲያስመልሰኝ ምች ነው ተብሎ በዳማከሴ ታሽቼ ነው የተኛሁት።

ስለዚህ እባክዎ ዛሬውኑ ይደውሉላት። የአንጎል መናወጥ የሚያውቅ ሐኪም እስኪያያትና እስኪፈቅድላት ድረስ አንዲት ጊዜ እንኳ እንዳትወርድ። ለአሰልጣኟና ለቡድኑ ሐኪም ምልክቶቹን በጽሑፍ ትስጥ፣ ስልክ ላይ የተባለ ይረሳል። "ስካን ተነሳሁ፣ ንጹህ ነው" ብትልዎት አይረጋጉ፣ የአንጎል መናወጥ ብዙ ጊዜ ስካን ላይ አይታይም። ደጋግሞ ካስመለሳት፣ ሕመሙ እየባሰ ከሄደ፣ ንግግሯ ከተምታታ፣ እንደሚጥል በሽታ ካንቀጠቀጣት ወይም ከእንቅልፍ መቀስቀስ ካስቸገረች ቀጠሮ አይጠበቅም፣ ድንገተኛ ክፍል ነው። ትቆጣዎታለች። ትቆጣ።

ስሌዳቸውን ስም ያወጡለታል የሚባለው እውነት ነው?

አዎ። የያርኖልድ "መርቪን" ይባል ነበር።

አውሮፕላን ላይ እንዴት ይጭኑታል?

ስሌዱ ብቻውን ከ30 ኪሎ በላይ ይመዝናል፣ እንደ እኛው ሚዛኑ ላይ ቆመው ይከራከራሉ፣ ከዚያ ይከፍላሉ። ጠያቂዬ ግን ቀጥላ ከ23 ኪሎዋ በርበሬው ይቀነስ ወይስ ሽሮው ብላኛለች። ጫማሽን ቀንሺ።