ሐኪም ዘሩ ለምን ይጠየቃል?

ጥያቄ፦ ልጄ አሜሪካ ነርሲንግ ጨርሳ ሥራ እያመለከተች ነው። ፎርሙ ላይ «ዘርሽ ምንድን ነው?» የሚል አለ አለችኝ። ደነገጥኩ። እኛ ዘር ስንቆጥር ምን እንደመጣብን እያየን! ለሕመምተኛ የሐኪም ዘር ምን ያደርግለታል? እውቀቱ አይበቃም?
እናት ነኝ፣ ከአዘዞ

መልስ፦ እህቴ፣ ጎንደር ተቀምጦ በዚህ ጥያቄ የማይደነግጥ የለም። የልጅዎ ፎርም ግን ለቆጠራ ነው። ካልፈለገች አለመመለስ ትችላለች።

የሚቆጥሩት ወደው አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1910 የአሜሪካን የሕክምና ትምህርት ቤቶች የገመገመ የፍሌክስነር ሪፖርት የሚባል ወጣ። ያኔ ከነበሩት 7 የጥቁሮች ሕክምና ትምህርት ቤቶች ሃዋርድና ሜሃሪ ብቻ ይቆዩ አለ። የቀሩት ተዘጉ። በዚያ የመጣው የጥቁር ሐኪሞች ጉድለት እስከዛሬ አልሞላም፤ ቆጠራው እሱን ለማየት ነው።

እውቀት አይበቃም ወይ ላሉት፣ ኦክላንድ በምትባል የአሜሪካ ከተማ የተሠራ ጥናት አለ። ጥቁር ወንዶች በዕጣ ለጥቁርና ጥቁር ላልሆኑ ሐኪሞች ተመደቡ። የሐኪሙን ፎቶ ብቻ ሲያዩ ምርጫቸው አልተለያየም። ቁጭ ብለው ካወሩ በኋላ ግን ጥቁር ሐኪም የደረሳቸው ብዙ ምርመራ መረጡ፤ በተለይ ለምርመራ ደም መቀዳት የሚጠይቀውን። እኔ የምወደው ይህን ነው። ነገሩ መልክ ሳይሆን ጨዋታው ላይ ነው።

ነርስ ሆኜ ስሠራ ከቋራ በኩል አንዲት የጉሙዝ እናት መጣች። የሚያስተረጉምላት ባሏ ነው። «ሆዷን ያማታል» ይላል፤ በቃ። ሐኪሙ ጎበዝ ነው፣ ግን ምን ያድርግ? ቋንቋዋን የምትችል የጽዳት ሠራተኛ ተፈልጋ መጣች። ባልየውን ደጅ አስወጣነው። ከወለደች ጀምሮ ደም እንደሚፈሳት ያኔ ተናገረች። ባሏ ፊት እንዴት ትበለው!

ለእገሌ ብሔር የእገሌ ብሔር ሐኪም ይመደብ ማለቴ አይደለም። እሱ ሌላ እሳት ነው። የቋራዋ ልጅ ተምራ ነርስ ትሁን ነው የምለው። የጤና ኤክስቴንሽን ሴቶች ከሚኖሩበት ቀበሌ መመረጣቸውም ለዚሁ ነው፤ የጎረቤቷን ጓዳ ታውቀዋለች።

ልጅዎ ማመልከቻው ላይ አማርኛ መቻሏን ትጻፍ። እዚያ ያሉ እናቶቻችን ይፈልጓታል። ለሐኪም ማስተርጎም ግን የራሱ ሥልጠናና ፈተና ስላለው፣ ዝም ብላ እንዳትገባበት ይንገሯት።